ሰው ሠራሹ አስተውሎት የሚያነበው ነርሷ የጻፈችውን ነው

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የነርሲንግን ሥራና ትምህርት ይለውጣል የሚለው ንግግር በሆስፒታሎቻችንም ሆነ በጤና ሳይንስ ኮሌጆቻችን ስብሰባዎች ላይ ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ መጥቷል። እኔ 23 ዓመት በነርስነት ያገለገልሁ፣ ከእነዚህም የመጨረሻዎቹን 11 ዓመታት ተማሪዎችን በሕሙማን አልጋ ዳር በማስተማር ያሳለፍሁ ሴት ነኝ። ንግግሩን በጥሞና ስሰማ ቆይቻለሁ፤ ተቃዋሚም አይደለሁም። ነገር ግን በእነዚህ መድረኮች ስለ መሣሪያው ብቃት ብዙ ሲነገር፣ መሣሪያው ስለሚመገበው ነገር፣ ማለትም ነርሷ በሕመምተኛው መከታተያ ቅጽ ላይ ስለምታሰፍረው ቁጥርና ቃል፣ ሲነሣ የሰማሁት እጅግ ጥቂት ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። ሥራ በያዝሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል የሌሊት ተረኛ ነበርሁ። ለ34 ሕሙማን ሁለት ነርሶች ነበርን። ከሕሙማኑ መካከል በሳንባ ምች የተኙ አንድ አረጋዊ አባት ነበሩ፤ በመከታተያ ቅጻቸው ላይ የትንፋሽ ቁጥር በሚለው ረድፍ ከጠዋት ጀምሮ 20፣ 20፣ 20 ተብሎ ተጽፏል። እኔም ማታ 3 ሰዓት ላይ ሙቀታቸውንና የደም ግፊታቸውን ከለካሁ በኋላ፣ ትንፋሻቸውን ሳልቆጥር እንደ ቀደሙኝ ተረኞች 20 ብዬ ጻፍሁ። ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ስታስታምማቸው የሰነበተችው ልጃቸው መጥታ «ሲስተር፣ የአባቴ አተነፋፈስ አላማረኝም፤ እባክሽ ነይ እዪልኝ» አለችኝ። ሄድሁና ሰዓቴን ይዤ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርሁ፤ 38 ነበር። ወዲያው ኦክስጅን አደረግንላቸው፣ ተረኛው ሐኪም ተጠራ፣ መድኃኒቱም ተለወጠ፤ ነገር ግን በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ዐረፉ። ቀድመን ብንቆጥር ኖሮ ይድኑ ነበር ለማለት አልደፍርም። የምለው፣ ያ ቅጽ አንድ ቀን ሙሉ ውሸት ሲናገር መዋሉን፣ ከውሸቱም አንዱ መስመር በእኔ እጅ የተጻፈ መሆኑን ነው።

አሁን በዚያ ክፍል አንድ ዘመናዊ የማስጠንቀቂያ ፕሮግራም ተተክሎ ነበር እንበል። እንግሊዞች ለዚሁ ሥራ የሚጠቀሙበት የታወቀ የነጥብ አሰጣጥ አለ። የአገሪቱ የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2012 አውጥቶ በ2017 ያሻሻለው ይህ አሠራር የትንፋሽን ቁጥር፣ በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን፣ የላይኛውን የደም ግፊት፣ የልብ ምትን፣ የንቃትን ሁኔታና የሰውነትን ሙቀት ወስዶ ለእያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል። በደቂቃ 20 ጊዜ የሚተነፍስ አዋቂ በዚህ ረድፍ 0 ያገኛል፤ 25 ወይም ከዚያ በላይ የሚተነፍሰው ግን 3 ያገኛል፤ በአንድ መለኪያ ብቻ 3 ነጥብ ማግኘትም ሕመምተኛው በአስቸኳይ እንዲታይ ያስገድዳል። ዛሬ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ስም የሚቀርቡት ፕሮግራሞች ከዚህ ስሌት እጅግ የረቀቁ ይሁኑ እንጂ ብዙዎቹ የሚነሡት ከእነዚሁ ቁጥሮች ነው። በዚያ ሌሊት እንዲህ ያለ ፕሮግራም ቢኖረን የእኔን 20 አንብቦ ዝም ይል ነበር። ዝምታው ደግሞ ከእኔ ስሕተት ይልቅ የከፋ ይሆን ነበር፤ ምክንያቱም ልጂቱ ስትጠራኝ «ኮምፒውተሩ ደኅና ናቸው ይላል» ብዬ እርሷን አጽናንቼ፣ ራሴንም አሳምኜ፣ አልጋው ዘንድ ሳልሄድ ልቀር እችል ነበር።

ይህን ስል መሣሪያው አይረባም ማለቴ እንዳልሆነ ለማስረዳት፣ በሙያዬ ዘመን ካነበብኋቸው ጥናቶች ሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝን አንዱን ላንሣ። በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ኮንሰርን ብለው የሰየሙት፣ በእኛ ቋንቋ ሥጋት ልንለው የምንችለው ፕሮግራም፣ ከቁጥሮቹ መውጣትና መውረድ ይልቅ የነርሷን አካሄድ ይከታተላል፤ ነርሷ ከተለመደው ሰዓት ውጭ ደጋግማ መለካቷን፣ ባልተጠበቀ ጊዜ ማስታወሻ መጻፏን፣ የታዘዘ መድኃኒት ሳትሰጥ ማቆየቷን እያየ፣ «ይህች ነርስ በዚህ ሕመምተኛ ሠግታለች» ብሎ ለሕክምና ቡድኑ ያሳውቃል። በሁለት የአሜሪካ የሆስፒታሎች ሥርዓት ውስጥ ከ60 ሺህ በሚበልጡ የሆስፒታል ተኝቶ ሕክምናዎች ላይ ሲሞከር፣ ፕሮግራሙ በሚሠራባቸው ክፍሎች የሞት አደጋ ከ35 በመቶ በላይ ቀንሶ ተገኘ፤ ማስጠንቀቂያውም ከተለመዱት ዘዴዎች እስከ 42 ሰዓት የቀደመ ነበር።

የዚህ ጥናት ትርጉም ለሙያችን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አንባቢ እንዲያስብልኝ እጠይቃለሁ። ልምድ ያላት ነርስ አንድን ሕመምተኛ አይታ፣ ገና የደም ግፊቱ ሳይወርድ፣ ገና ሙቀቱ ሳይጨምር፣ «ይህ ሰው አላማረኝም» ትላለች፤ ለምን እንደሆነ ብትጠየቅ ላትመልስ ትችላለች፤ እግሯ ግን ወደዚያ አልጋ ይመላለሳል። መሣሪያው ያደረገው ይህን መመላለስ ማንበብ ነው። በአማርኛችን ቴክኖሎጂውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብለን መጥራታችን በዚህ ቦታ ልክ ይመስለኛል፤ ማስተዋል የነርሲንግ የመጀመሪያ ሥራ ነውና። ነገር ግን በዚህ ጥናት ያስተዋለችው ነርሷ ናት፤ ፕሮግራሙ የነርሷን ማስተዋል አስተዋለ። ነርሷ ካልተመላለሰች፣ ወይም ተመላልሳ ካልጻፈች፣ የሚነበብ ነገር የለም።

የተገላቢጦሹም ታይቷል። በብዙ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ተሠራጭቶ የነበረ፣ ሴፕሲስ የሚባለውን፣ ሰውነት ለኢንፌክሽን በሚሰጠው የተዛባ ምላሽ የራሱን አካላት ሲጎዳ የሚከሰተውን ገዳይ ሁኔታ አስቀድሞ ይለያል የተባለ ፕሮግራም ነበር። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ38 ሺህ በላይ የሆስፒታል ቆይታዎችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳሳተሙት፣ ፕሮግራሙ ሴፕሲስ ከያዛቸው ሕሙማን 67 በመቶውን ሳይለይ አልፏል፤ በአንጻሩ ከተኙት ሕሙማን ሁሉ በ18 በመቶው ላይ የማስጠንቀቂያ ደወል አሰምቷል። ይህ ማለት ነርሷ ደወሉ በሚጠራት ቦታ ስትሮጥ፣ ደወል ያልጮኸለት ሕመምተኛ ሊያልፍባት ይችላል ማለት ነው። ገንዘብና ባለሙያ በሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ማንኛውም ፕሮግራም ወደ እኛ ሲመጣ በእኛ ሕሙማን ላይ፣ በእኛ ነርሶች አጻጻፍ ላይ ሳይፈተሽ በሻጩ ቃል ብቻ ሊገባ አይገባም።

መፈተሹ በተለይ ለእኛ የሚያስፈልግበት ሌላ ምክንያት አለ። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ሁላችንም የተለማመድነው፣ ጣት ላይ ተሰክቶ የኦክስጅንን መጠን የሚያሳየው መሣሪያ በጥቁር ቆዳ ላይ እንደሚሳሳት እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የታተመ ጥናት አሳይቷል። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ባነበበባቸው ጊዜያት የደም ወሳጅ ሥር ምርመራ ሲደረግ፣ እውነተኛው መጠን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በነጮች ከመቶ 3.6 ጊዜ ሲሆን በጥቁሮች ከመቶ 11.7 ጊዜ ነበር። እንግዲህ ይህን ንባብ እንደ እውነት ተቀብሎ የሚያሰላ ፕሮግራም ምንም ያህል ብልህ ቢሆን ስሕተቱን ይወርሳል። በመኝታ ብዛት የሚመጣውን የቆዳ ቁስልም እንዲሁ ውሰዱት። መጻሕፍቱ የመጀመሪያ ምልክቱ መቅላት ነው ይላሉ፤ በእኛ ሕሙማን ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ስለዚህ ተማሪዎቼን የማስተምረው በእጃቸው ጀርባ ሙቀቱን፣ በጣታቸው ጫፍ ጥንካሬውን እንዲለዩ ነው። በነጭ ቆዳ ፎቶግራፎች የተማረ ፕሮግራም ይህን አያይም፤ ማየት ቢችል እንኳ መዳሰስ አይችልም።

ቋንቋችንም የራሱ ጣጣ አለው። ታካሚያችን «ልቤን ያቃጥለኛል» ሲል እጁን የሚያሳርፈው ብዙ ጊዜ ከእምብርቱ በላይ ጨጓራው ላይ ነው፤ «ኩላሊቴን ይወጋኛል» የሚለውም ወገቡን እንጂ ኩላሊቱን ላይሆን ይችላል። ነርስ እጁ የት እንዳረፈ አይታ ትረዳለች፤ የሰማውን ቃል ብቻ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ፕሮግራም ግን የጨጓራውን ሕመምተኛ የልብ፣ የወገቡን ሕመምተኛ የኩላሊት ሊያደርገው ይችላል። በሌላ በኩል በእውነት ልቡን የታመመ ሰውም «ልቤን» ብሎ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ቃሉን አንድ ጊዜ ተርጉሞ መዝጋት አይቻልም፤ መልሶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከቃሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ የቀን አቆጣጠሩ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር የመጨረሻ የወር አበባዋን ያየችው መስከረም 5 ቀን መሆኑን ብትናገር፣ ያ ቀን በፈረንጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 15 ነው። ቃሉን ብቻ ተርጉሞ ሴፕቴምበር 5 የሚል ፕሮግራም የእርግዝናውን ዕድሜ በአሥር ቀን ያስረዝመዋል፤ ገና 36 ሳምንት የሆነው ፅንስ 37 ሳምንት አልፎታል ተብሎ ጊዜው እንደ ደረሰ ሊቆጠር ይችላል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ማታ 2 ሰዓት የሚሰጥ መድኃኒት በሌላው ዓለም አቆጣጠር ከምሽቱ 8 ሰዓት ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ሌሊቱን አድርጎ ከወሰደው ስድስት ሰዓት ይዛነፋል። አዋላጅ ነርሶቻችን ሁለቱን አቆጣጠር በጭንቅላታቸው እያመዛዘኑ የሚሠሩት ይህ ሥራ በየትኛውም መጽሐፍ እንደ ክህሎት ተቆጥሮ አልተጻፈላቸውም፤ ለአገራችን የሚገዛ ወይም በአገራችን የሚሠራ ፕሮግራም ሁሉ መጀመሪያ መፈተን ያለበት ግን በዚህ ይመስለኛል። የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ያላት አገር ይህን ፈተና ለማዘጋጀት የውጭ ሰው መጠበቅ አይኖርባትም።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። ባለፈው ዓመት አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በሽተኛዋን በሚመለከት ያዘጋጀችውን የነርሲንግ ክብካቤ ዕቅድ አቀረበችልኝ። እንግሊዝኛው እንከን የለውም፤ ከምዘና ጀምሮ በነርሲንግ ምርመራ፣ በዕቅድና በትግበራ አልፎ እስከ ግምገማ ድረስ ሁሉም በየቦታው ተቀምጧል። በዕቅዱ ውስጥ ግን ሕመምተኛዋ በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ፈሳሽ እንዲጠጡ ማበረታታት የሚል መስመር አየሁ። ሕመምተኛዋ የልብ ድካም ያለባቸው እናት ናቸው፤ ፈሳሽ እንዲቀንሱ ሐኪሙ በካርዳቸው ላይ ጽፎ አዝዟል። ተማሪዋን ጠይቄ እንደተረዳሁት ዕቅዱን ያዘጋጀላት በስልኳ ያለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ነው፤ ካርዱን አላነበበችም፤ ሕመምተኛዋንም ሰላም ከማለት በቀር አልቀረበቻቸውም።

አልተቆጣኋትም። ይዣት ወደ አልጋው ሄድሁና ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ የቀኝ እግራቸውን ቅልጥም በአውራ ጣቷ ለጥቂት ሰከንድ እንድትጫነው ነገርኋት። ጣቷን ስታነሣ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ። እናትየውም «አየሽ ልጄ፣ ጫማዬ እኮ እምቢ ካለኝ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ሌሊት ደግሞ ትራስ ደራርቤ ካልሆነ አልተኛም» አሏት። ስለ ጫማውና ስለ ትራሱ የሚጠይቅ መስመር በዚያ ባማረ ዕቅድ ውስጥ አልነበረም። ተማሪዋ ዕቅዱን በማግሥቱ እንደገና ጻፈችው፤ እንግሊዝኛው ከመጀመሪያው የደከመ ነበር፤ ነገር ግን ስለ አንዲት በእርግጥ ስላለች ሴት የተጻፈ ነበር፤ እኔም ከፍ ያለ ውጤት የሰጠሁት ለዚያ ነው።

ይህን የመሰለ ነገር የገጠማቸው አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ተማሪዎች በስልካቸው ፈጽሞ እንዳይጠቀሙ መከልከል አለባቸው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ከገጠር የመጡ ተማሪዎቻችን በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የሥነ አካል መጽሐፍ ይዘው ሌሊቱን ሙሉ ሲታገሉ አይቻለሁ፤ ትምህርቱ ከብዷቸው ሳይሆን ቋንቋው ከልክሏቸው ነው። አንድ ተማሪዬ የኩላሊትን አሠራር ፕሮግራሙ በአማርኛ ደጋግሞ፣ በአንዴ ካልገባው በሌላ ምሳሌ እየቀየረ እንዳስረዳው፣ በክፍል ውስጥ ለመጠየቅ ያፍርበት የነበረውን ነገር ሁሉ እንደጠየቀው ነግሮኛል። መምህር ለ60 ተማሪ በአንድ ሰዓት ማድረግ የማይችለውን ያደረገለት ነገር እንዴት ይከለከላል? የመድኃኒት መጠን ስሌትን መለማመድ፣ የግሉኮስን ጠብታ በደቂቃ ማስላት፣ እንደ ሕመምተኛ ሆኖ የሚመልስን ፕሮግራም የሕመም ታሪክ መጠየቅ፣ እነዚህ ሁሉ አልጋ ዳር ከመድረሳቸው በፊት ቢለማመዷቸው ሕሙማኑን ይጠቅማል። ልምምዱ ግን መድረሻው አልጋው መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች እየላከ ከሕዝቡ መካከል ሲያስተምር፣ የመጽሐፍ እጥረት ብቻ አስገድዶት እንዳልነበረ አምናለሁ።

እዚህ ላይ ፈተናዎቻችንን በተመለከተ ያለኝን ቅሬታ ሳልሸሽግ ልናገር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች ሁሉ የሚወስዱት የመውጫ ፈተና ከተሰጡ አማራጮች መልስ የመምረጥ ፈተና ነው። እንዲህ ያለው ፈተና የሚለካው ዕውቀት ማንኛውም ስልክ በሰከንድ የሚመልሰው ሆኗል። ስልክ የማይመልሰው፣ ትንፋሽን አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር፣ የተደናገጠን አስታማሚ ማረጋጋት፣ የተጠራጠሩትን ነገር ለሐኪሙ በሁለት ዐረፍተ ነገር ማስረዳት ነው። ተማሪ በየጣቢያው እየዞረ በተግባር የሚፈተንበት አሠራር በአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ብዙ ኮሌጆች ያውቁታል። ድካሙና ወጪው ብዙ ስለሆነ ግን እየተሸራረፈ ነው፤ ለፕሮግራም መግዣ የሚታሰበው ገንዘብ ከፊሉ ለዚህ ቢውል በእኔ እምነት የተሻለ ነው።

ስለ ምስጢር አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። ተማሪዎችም ሆኑ ባለሙያዎች የሕመምተኛን ካርድ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ ከነስሙና ከነካርድ ቁጥሩ ወደነዚህ ፕሮግራሞች ሲልኩ በዓይኔ አይቻለሁ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ይመድበዋል። አዋጁ በየዋርዱ መነገር አለበት፤ አብዛኛው ባለሙያ መኖሩን እንኳ አልሰማም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነገር፣ ወደ ቅጹ፣ እመለሳለሁ። በቅጾቻችን ላይ ያልተቆጠረ ትንፋሽ ለምን 20 ተብሎ ይጻፋል? ስንፍና ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ እኔ ግን ውስጡ ስለኖርሁ ሌላ ምክንያት አውቃለሁ። ለሁለት ነርስ ሠላሳና አርባ ሕመምተኛ ሲሰጥ፣ በክፍሉ ያለው የደም ግፊት መለኪያ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ሁሉንም በየአራት ሰዓቱ መለካት አይቻልም። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ግን የሚያየው ባዶ ቦታ አለ ወይስ የለም የሚለውን ነው። ባዶ ቦታ የተገኘበት ቅጽ ያስወቅሳል፤ በሐሰት የተሞላው ያስመሰግናል። ስለዚህ ርክክብ ሲቃረብ የስምንት ሰዓቱ ልኬት ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ጊዜ ይሞላል። በዚህ ላይ ፕሮግራም ብንተክል የምናገኘው የፍርሃታችንን ስሌት ይሆናል። የዘመናዊ ነርሲንግ መሥራች የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል፣ በክራይሚያ ጦርነት ወታደሮቹን ከቁስላቸው ይልቅ በሽታ እንደጨረሳቸው ከጦርነቱ በኋላ ለእንግሊዝ መንግሥት ያስረዳችው፣ የሟቾችን ቁጥር አጠናቅራ በማቅረብ ነበር። ሙያችን ከጅምሩ በእውነተኛ ቁጥር የቆመ ነው።

ስለዚህ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለክልል ጤና ቢሮዎችና ለሆስፒታል ሥራ አስኪያጆች ሁለት ነገር እንዲያደርጉ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ሁለቱም ኮምፒውተር አይፈልጉም። የመጀመሪያው፣ በመከታተያ ቅጹ ላይ «አልተለካም» ብሎ መጻፍ የተፈቀደ ይሁን፤ ምክንያቱም አብሮ ይጻፍ፤ ይህን የጻፈች ነርስም አትወቀስ። አንድ ክፍል በሳምንት ስንት ጊዜ «አልተለካም» እንዳለ ሲደመር፣ ስንት ነርስና ስንት መለኪያ እንደጎደለው ያን ጊዜ በግልጽ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ 29.8 ሚሊዮን ነርሶች እንዳሉና 5.8 ሚሊዮን እንደሚጎድሉ አስታውቋል፤ የእኛ ጉድለት በየዋርዱ የሚታወቀው ግን ቅጾቻችን እውነቱን ሲናገሩ ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ የአስታማሚው ቃል በቅጹ ላይ ቦታ ይሰጠው። በሆስፒታሎቻችን ሌሊትና ቀን ከሕመምተኛው አጠገብ የማይለየው አስታማሚው ነው፤ ሲበላና ሲያስመልስ፣ ሲቃዥና ሲረጋጋ የሚያየው እርሱ ነው፤ ለውጡንም ከሁላችን ቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2021 ማርታ ሚልስ የተባለች የ13 ዓመት ልጅ፣ ወላጆቿ ሥጋታቸውን ደጋግመው ቢናገሩም ሰሚ ሳያገኙ በሴፕሲስ ሞተች። ወላጆቿ ካደረጉት ትግል በኋላ፣ ቤተሰብ የሕመምተኛው ሁኔታ ካሠጋው ሌላ የሕክምና ቡድን በአስቸኳይ እንዲያይለት መጠየቅ የሚችልበት አሠራር፣ በስሟ የማርታ ደንብ ተብሎ ከ2024 ጀምሮ በአገሪቱ ሆስፒታሎች ይሠራበት ጀመር። እኛ አስታማሚ በመጠየቂያ ሰዓት መጥቶ የሚሄድባት አገር አይደለንም፤ አስታማሚው እዚያው ወለሉ ላይ ነው የሚያድረው። «የአስታማሚ ሥጋት» የምትል አንዲት ረድፍ በቅጹ ላይ ብትጨመር፣ ነርሷም በየተራዋ አንድ ጊዜ «ዛሬ እንዴት አዩአቸው?» ብላ ጠይቃ የተመለሰላትን በራሳቸው ቃል ብትጽፍ፣ የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። የኮሎምቢያው ፕሮግራም የነርሶችን ሥጋት አንብቦ ሕይወት አትርፎ ከሆነ፣ አንድ ቀን በእኛ አገር የሚሠራው ፕሮግራም የአስታማሚዎችን ሥጋት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን የማያነብበት ምክንያት የለም፤ የተጻፈ ነገር ካገኘ።

በበኩሌ የዚህ ዓመት ተማሪዎቼ ወደ ዋርድ በሚገቡበት የመጀመሪያ ሳምንት ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት ይዘው እንዲመጡ አዝዣለሁ። ስልካቸውን በቦርሳቸው አድርገው፣ እያንዳንዳቸው የአምስት ሕሙማንን ትንፋሽ አንድ አንድ ደቂቃ ሙሉ ይቆጥራሉ፤ የየአስታማሚውንም ቃል በተለየ ወረቀት ይጽፋሉ። የቆጠሩትን በቅጹ ላይ ካለው ጋር የሚያስተያዩት ከዚያ በኋላ ነው። የሁለቱን ልዩነት ለክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ እናቀርባለን፤ በሌሎች ኮሌጆች የምታስተምሩ ባልደረቦቼም ይህን ሞክራችሁ ውጤቱን በዚህ ዓምድ ብታሳውቁን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የነርሲንግ መምህርት፣ ከባሕር ዳር